እጅዎን ለቀቅ ያድርጉት

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ግማሹ «ተአምር ነው» ብሎ ያማትባል፤ ግማሹ ደግሞ «ማሽኑ የት ነው ያለው? የአክስቴንም እግር ያይልኝ» ይለኛል። ሁለቱንም እቆጣለሁ። ተአምር አልነበረም፤ ማሽኑም ማንንም አላዳነም። የሆነውን እንደሆነው ላውጋችሁና እናንተው ፍረዱ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ። የሺ እባላለሁ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ከአምበር በእግር ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ውጭ አገር ተምራ የተመለሰችው ዶክተር ሰናይት ለጥናት ብላ አንድ ማሽን በውሰት አስመጥታ ነበር፤ እኔ ረዳቷ ሆንኩ። በደስታ ብዛት እግሬ መሬት አልነካም። የከተማው ሰው ሁሉ የማያውቀውን ነገር የማውቅ መስሎኝ ለወር ያህል አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የሄድኩት።

ማሽኑ እንዲህ ነው። ስምንት ቁጥር የመሰለ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ የሽቦ ጥቅል አለው። ራስ ላይ ያስጠጉትና ቁልፉን ሲጫኑት «ጧ» ይላል። በዚያች ቅጽበት የማግኔቱ ኃይል አጥንቱን አልፎ እጅን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ይቀሰቅሰዋል። አንጎሉ መልእክቱን በነርቭ ይልካል፤ የሰውየው አውራ ጣት ባለቤቱ ሳያዘው ብድግ ይላል። አያምም። እኛ ማወቅ የፈለግነው የጤነኛ ሰው አንጎል በምን ያህል ኃይል እንደሚቀሰቀስ ነበር። አንዱ በስሙ ሲጠሩት ይነቃል፤ ሌላው ውኃ ካላፈሰሱበት አይነሣም። አንጎልም እንደዚያው ነው።

ሥራውን ያከበደብን ማሽኑ ሳይሆን የሰው እጅ ነው። ጡንቻው ትንሽ እንኳ ከተወጠረ ልኬቱ ይበላሻል። ሰናይት ቀኑን ሙሉ «እጅዎን ለቀቅ ያድርጉት» ስትል ትውላለች። ሰውየው «ለቅቄዋለሁ እኮ!» ይላታል፤ እጁ ላይ ከለጠፍነው ሽቦ ያለው ፕላስተር የሚመጣው መስመር ግን ስክሪኑ ላይ እንደ እሾህ አጥር ተንጨባሮ ይታያል። ተማሪው እስክሪብቶ እንደያዘ፣ ገበሬው ሞፈር እንደጨበጠ ነው የሚቀመጠው። ሰው እጁን መልቀቅ እንዲህ እንደሚከብደው የማውቀው ነገር አልነበረም።

ወጣት አልጠፋንም። ዕድሜው ጠና ያለ ጤነኛ ሰው ነበር የቸገረን። ሽማግሌዎቹ ሽቦውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አንሥተው ውልቅ ይላሉ።

አባቴ ቄስ ታምሩ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። መነጽራቸው ተሰብሮ ሊያሠሩ ከተማ ወጥተው ነበር። ስለ አባቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ቀኝ እጃቸው አይሠራም። ከክርናቸው በታች እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሎ ከቀረ ዓመታት አልፈውታል። ባሕር ዳር ድረስ ወስጃቸው ጭንቅላታቸው ራጅ ተነሥቶ «ስትሮክ አይደለም፤ የሚታይ ነገር የለም» ተብለናል። ጠበልም ያልተጠመቁበት የለም። ቀኝ እጁ የማይሠራ ቄስ ቀድሶ ማቁረብ ስለማይችል አባቴ ከቅዳሴ ወጥተው ከምእመናን ጋር ውጭ ቆመው ነው የሚያስቀድሱት። እጃቸውን ሰው እንዳያይባቸው ሁልጊዜ ጋቢያቸው ውስጥ ነው። መስቀላቸውን በግራ ይይዛሉ። ስለ እጃቸው ከተጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ፤ እኔም መጠየቅ ትቼ ነበር።

የዚያን ቀን ላቦራቶሪው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጥኳቸውና መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተር ላስነሣ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ጄኔሬተሩ እንደ ልማዱ አኮረፈ። ጥበቃው ናፍጣ ፍለጋ ሄዶ ቀረ። በስንት መከራ አስነሥቼው ስመለስ አግዳሚው ላይ ማንም የለም።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው ሰናይት የነገረችኝ። ከበር ብቅ ብላ አየቻቸው፤ ሸበቶ፣ ቀጥ ያሉ፣ ፊታቸው የጠራ። አባቴ መሆናቸውንም አላወቀችም። «አባ፣ ጤነኛ ሰው እየፈለግን ነበር» ብላ ስለ ጥናቱ አስረዳቻቸው። አባቴ ሰው ሲቸገር ማየት አይወዱም፤ እሺ አሉ። ከዚያ ጥያቄዎቹን ጠየቀቻቸው።

«የሚጥል በሽታ አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«ጭንቅላትዎ ውስጥ ጥይት ወይ ብረት?»

«ኧረ እግዚአብሔር ይጠብቀን!»

«ስትሮክ ታመው ያውቃሉ?»

«አይደለም ተብያለሁ።»

«ሌላ የሚያስቸግርዎ በሽታ?»

«በሽታ የለብኝም ልጄ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤነኛ ነኝ።»

በሩን ስከፍት አባቴ ወንበሩ ላይ ናቸው። ጥምጥማቸውን አውልቀዋል። ያ እጅ፣ እኔ እንኳ ካየሁት ስንት ጊዜዬ፣ ትራስ ላይ ተዘርግቶ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ሰናይት ሽቦውን ከግራ ጆሯቸው በላይ ይዛ ስክሪኑን እያየች በደስታ ትፈነድቃለች።

«የሺ፣ ነይ እዪ! እንደ እሳቸው እጁን የሚለቅ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። መስመሩ ዝም ብሎ ነው የተኛው!»

«ዶክተር፣ ይህ እጅ...» ብዬ ሳልጨርስ ጧ አለ።

የአባቴ አውራ ጣት ብድግ አለ።

ጮህኩ መሰለኝ። የበሩን መቃን ያዝኩ። አባቴ አልጮኹም። እጃቸውን ልብስ ውስጥ እባብ ያገኘ ሰው እንደሚያየው ነው ያዩት። ከዚያ በግራ እጃቸው አማተቡ።

«ማን ነው ያነቃነቃት?» አሉ።

«አንጎልዎ ነው አባ» አለች ሰናይት፣ ገና ምንም ሳይገባት።

«ይህች እጅ ሞታለች።»

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። እየተንተባተብኩ አባቴ መሆናቸውን፣ እጃቸው ለዓመታት እንዳልተነቃነቀ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ሽቦውን አውርዳ ማሽኑን አጠፋች። «ለምንድን ነው ጤነኛ ነኝ ያሉኝ? የታመመ ሰው ላይ መሥራት አይፈቀድልኝም እኮ!»

«አልዋሸሁሽም» አሉ አባቴ። «በሽታ አለብዎት ወይ አልሽኝ፤ የለብኝም። ይህ በሽታ አይደለም። ግዝት ነው።»

ቃሉን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የገዛ አባቴ፣ አንድ ቤት ያሳደጉኝ ሰው፣ የማላውቃቸው ሆኑብኝ።

«አብሪውና ድገሚው» አሉ።

ሰናይት አመነታች። «ጥናት መሆኑ ቀርቷል። የማደርገው እርስዎ ስለፈለጉ ብቻ ነው፤ በቃ ሲሉኝም አቆማለሁ» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጧ። ጣታቸው ዘለለ። ጧ። ደግሞ ዘለለ። አባቴ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩ ነበር።

«የሞተ እጅ እንዲህ ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ።

«አያደርግም። ከአንጎልዎ እስከ ጣትዎ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው፤ የተቆረጠ ነገር የለም።»

«ታዲያ ሳዛት ለምን እምቢ ትለኛለች?»

ሰናይት ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እሱን ማሽኑ አይነግረንም አባ። አውቀው ነው ማለቴም አይደለም፤ እንደዚያ እንዳይመስልዎት። አንዳንድ ጊዜ ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው አካሉ እምቢ ይለዋል። ይህ ማሽን መድኃኒት አይደለም። እኔም የአእምሮ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን የማውቀው ሐኪም ጋ ልልክዎ እችላለሁ።»

አባቴ ጥምጥማቸውን በአንድ እጃቸው ጠመጠሙ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብለዋት ወጡ። መነጽሩንም ረሱት።

ሚኒባስ ውስጥ እስከ አምበር አንድ ቃል አልተነፈሱም።  ወርደን ወደ ሰፈራችን በሚወስደው መንገድ ስንሄድ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋ ሲደርሱ እናቴ ወደተቀበረችበት በኩል ተሳልመው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«የምናሉ ክምር ትዝ ይልሻል?» አሉኝ።

እንዴት አይለኝም! አያ ምናሉ ጎረቤታችን ነው። የዓመት ጤፉ አውድማ ላይ ተከምሮ ሳለ ጥር ላይ በአንድ ከሰዓት ነድዶ አመድ ሆነበት። ማን እንዳቃጠለው አልታወቀም። እኔ ያኔ ማርቆስ ትምህርት ላይ ነበርኩ፤ ወሬውን ነው የሰማሁት።

«ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ገዝትልን አሉኝ። መስቀሌን አንሥቼ፣ 'ይህን ክምር ያቃጠለ፣ ያቃጠለውንም አይቶ ወይ አውቆ የደበቀ እጁ ይድረቅ' ብዬ ገዘትኩ። ሕዝቡ አሜን አለ። እናትሽም አጠገቤ ቆማ አሜን አለች።»

 በጋቢያቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ቤት ስንገባ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች። አልቀመጥ አለች። ክምሩ የነደደ ቀን እሳት ጠፍቶባት ከጎረቤት ፍም ልትጠይቅ ሄዳ በገል ይዛ ስትመለስ በአውድማው በኩል ነው ያለፈችው። ነፋስ ነበር። ዞር ብላ አላየችም። ጭሱን ያየችው ቤት ከገባች በኋላ ነው። 'እኔ ነኝ፤ ምን ላድርግ?' አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? 'ዝም በይ' አልኳት።»

«አባዬ...»

«ስሚኝ። በእሑዱ ቀድሼ ስወጣ ሕዝቡ መስቀል ሊሳለም ተሰለፈ። ፊት የመጣው ምናሉ ነው። ክምሩ የተቃጠለበት ሰው ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ሰጠኝ። መስቀሉ ከእጄ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ይህች እጅ ምንም አንሥታ አታውቅም።»

ደነገጥኩ ብላችሁ አይገልጸውም።  ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ፤ በእናቴም በአባቴም ተናደድኩ። ከሐኪም ሐኪም ስጎትታቸው፣ ከጠበል ጠበል ስንከራተት እሳቸው ምክንያቱን በሆዳቸው ይዘው ነበር!

«ለምን አይፈቱትም ነበር? የገዘተ ይፈታ የለም እንዴ?»

«የገዘትኩም እኔ፣ የተገዘትኩም እኔ፤ ማን ማንን ይፍታ? በሕዝብ ፊት የታሰረ በሕዝብ ፊት ነው የሚፈታ። የንስሐ አባቴ ተናገር ብለውኝ ነበር። ቆሜ ሚስቴ ናት ልበል? ብሞት ይሻለኛል አልኩ። ቀድማኝ ሞተች። ከሞተች በኋላ ደግሞ አጥንቷን እንዴት ላሰድብ?»

ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እግዚአብሔር ያደረቃት እጅ መስላኝ ነበር የሺ። የእናትሽንም በእኔ ላይ ደርቦ እሱ ነው የቀጣኝ፤ የእሱን ቅጣት መቻል ነው ብዬ ችዬ ነው የኖርኩ። ዛሬ ያቺ ልጅ አልደረቀችም አለችኝ። እሱ ካላደረቃት ማን ነው ያሰራት?»

 የጥናታችንን ወረቀት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ይህን ጥያቄ የሚመልስ አንድ መስመር አልነበረበትም።

በማግስቱ ጠዋት «ተነሽ፣ ምናሉ ቤት አድርሽኝ» አሉኝ። መንገዱን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ብቻቸውን መሄድ ፈርተው ነው። እኔም ፈርቻለሁ። አያ ምናሉ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን የዓመት እህል የተቃጠለበት ሰው ነው። ያን ክረምት ልጆቹን ያበላው ከየቤቱ በተዋጣ እህል መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል። እየተሳደበ ቢነሣብንስ? ከዚያ በኋላ የአባቴ እጅ ሊነሣ ቀርቶ የእናቴ ስምም በደግ አይነሣም ነበር።

አያ ምናሉ ደጁ ላይ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርብ ነበር። አባቴን ሲያይ መጥረቢያውን አስቀምጦ ተነሣ።

«አባ! ምን እግር ጣለዎት? የሺም አለች። ግቡ እንጂ!»

«አልገባም። ቆሜ ልናገር» አሉ አባቴ።

ተናገሩ። ፍሙን፣ ገሉን፣ ነፋሱን፣ «ዝም በይ» ያሉበትን፣ ሁሉንም። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሲጨርሱ አንገታቸውን ደፉ። እኔ መጥረቢያውን ነበር የማየው።

 አያ ምናሉ ደጁ ላይ መልሶ ተቀመጠ።

«አውቃለሁ እኮ አባ» አለ።

አባቴ ቀና አሉ። «ምኑን ነው የምታውቀው?»

«እሷ መሆኗን። ከዚያ ማዶ በሬ እያጠጣሁ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። ገሉን ይዛ በአውድማዬ ሥር አለፈች። እሳቱ ሲነሣ ነው ነገሩ የገባኝ።»

«ግዝቱ ላይ ነበርህ!»

«ነበርኩ። ፊት ለፊትዎ ቆሜ።»

«'አይቶ የደበቀ' ስል ሰምተሃል!»

«ሰምቻለሁ። አሜንም ብያለሁ፤ ምን ልበል ታዲያ? እሷ አጠገብዎ ቆማለች። ፊቷን አየሁት፤ ሬሳ መስላለች። ትንሿ ልጄ ስትወለድ ሚስቴ በምጥ ሁለት ቀን ስትያዝ ማን ነው አጠገቧ ተቀምጦ ያደረ? ጤፍ ነው የነደደው፤ ጤፍ ይበቅላል። የእናንተ ቤት ቢነድ በምን ይበቅላል አልኩና ዋጥኩት። ለባለቤቴም አልነገርኩ።»

አባቴ አንድ እርምጃ ቀረቡት። «እጅህን አሳየኝ» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

አያ ምናሉ ግራ ገብቶት ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋ። መዳፉ ተሰነጣጥቋል፤ ጣቶቹ እንደ ሥር ወፍራም ናቸው። ያን ጠዋት ሲጠርበው የነበረው ቀንበር ፍቅፋቂ እንኳ ገና ጣቶቹ መሃል ነበር። አጠፋቸው፣ ዘረጋቸው።

«አልደረቁም» አሉ አባቴ።

«ኧረ ምን ሆነው! እያረስኩባቸው አይደል?»

«አይተህ ደብቀሃል። አሜን ብለሃል። አልደረቁም።»

ያን ጊዜ የአባቴን ፊት ብታዩት! መጀመሪያ የሚስቁ መሰለኝ። ከዚያ ግን እንባቸው ጺማቸውን አልፎ ወረደ። እኔም፣ በእናቴ ቀብር እንኳ ሲያለቅሱ አይቻቸው የማላውቅ ልጃቸው፣ አብሬ ተንሰቀሰቅሁ። አንዱ በምሕረት ደብቆ ሲያርስ ኖረ፤ ሌላው በፍርሃት ደብቆ ከእጁ ተለየ። ግዝቱ ግን አንድ ነበር።

አያ ምናሉ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከበደው መሰለኝ ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ። «በሉ አባ፣ ያሳልሙኝና ይለፍልን» ብሎ ጎንበስ አለ።

አባቴ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ እንደ ልማዳቸው በግራ።  ከዚያ ወደ ቀኛቸው አዛወሩት። ወደቀ። አንሥቼ ሰጠኋቸው። ደግሞ ወደቀ። በሦስተኛው አውራ ጣታቸው፣ ያቺ ማሽኑ ያስነሣት ጣት፣ መስቀሉ እጀታ ላይ ታጠፈች። ማሽን የለም፣ ሽቦ የለም። ደካማ ነበረች፤ ሕፃን እንኳ ሊያስለቅቃት ይችላል። አያ ምናሉ በዚያ ወፍራም እጁ ከላይ ደረበበትና ሁለቱ ይዘውት መስቀሉ ግንባሩ ደረሰ።

እሑድ ዕለት አባቴ ሁሉንም በሕዝቡ ፊት ተናገሩ። አያ ምናሉ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። የእናቴን ስም አንሥቶ ሲያማ የሰማሁት የለም፤ ያሙ ካሉም አያ ምናሉ በሌለበት ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ ግዝቱን ፈቱት። እጁ ግን እንደ ግዝቱ በአንድ ቃል አልተፈታም። ሰናይት የላከችን ሐኪም ጋ ተመላለስን፤ ጣት በጣት፣ ሳምንት በሳምንት ነው የተመለሰው።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ብዙ አይደለም። እጃቸው የታሰረው በፍርሃት ነው ብዬ እምልላችሁ ዘንድ አልችልም፤ የለካሁት ነገር አይደለም። የማውቀው ይህን ነው፦ ያን ጊዜ ሰው «ጤነኛ ነኝ» ካለ በወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጌ የማልፍ ሴት ነበርኩ። ዛሬ አላልፍም። ጥያቄዎቹን ከጨረስኩ በኋላ «የከበደዎት ነገርስ አለ?» ብዬ እጨምራለሁ። አብዛኛው ይስቅብኛል። አንዳንዱ ግን ወንበሩን ሳብ ያደርጋል። እናንተም እቤታችሁ ዝም ያለ ሰው ካለ ጠይቁት፤ እኔ ያልጠየቅሁባቸው ዓመታት ያንገበግቡኛል።

የአባቴ ልኬት ከጥናቱ ወጣ። ጤነኛ አልነበሩማ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይተው ግን ራሳቸው ላቦራቶሪው ድረስ መጡ። አሁን ይቀድሳሉ። ሰናይትን «አሁን ጤነኛ ነኝ፤ ለኪኝ» አሏት። ለጥናቱ እንደማይሆናት ብታውቅም ደስ እንዲላቸው ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ፕላስተሩን ለጠፍኩ። ስክሪኑን ስናየው መስመሩ እንደ እሾህ አጥር ተንጨባሯል።

«አባ፣ እጅዎን ለቀቅ ያድርጉት» አለች ሰናይት።

«ለቅቄዋለሁ እኮ!» አሉ አባቴ።

ደጋግማ ነገረቻቸው፤ ደጋግመው ሞከሩ። እጃቸው እምቢ አለ። ያን ቀን ምንም ሳንለካ ሻይ ቤት ሄድን፤ ሂሳቡንም በቀኛቸው ከኪሳቸው አውጥተው እሳቸው ከፈሉ።